ከሽመላ እስከ አሮጌ ግንብ፦ በአሽቀሎን ዙሪያ ፎቶ ለማንሳት ለምትወጡ

አሽቀሎን የሚኖር የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው ስልኩን ቢከፍት የሠርግ፣ የባር ሚጽቫ፣ የሲግድና የልጆች ልደት ፎቶ ሞልቶታል። ከከተማ ወጣ ብሎ የተነሳ ፎቶ ግን እምብዛም አይገኝበትም። ከሕንፃዎቹ ጥቂት ራቅ ሲባል በሰሜን በኩል የኒጻኒም አሸዋ ይጀምራል። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ የስንዴ ማሳው እስከ ነጌቭ ጫፍ ይዘረጋል። በባሕሩ ዳር ደግሞ ከ3800 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በር ቆሟል። ሚዳቋ አለ፣ ቀበሮ አለ፣ በየዓመቱ ሁለቴ ወደ አፍሪካና ከአፍሪካ የሚመላለስ ሽመላ አለ። ይህ ሁሉ ለእኛ ልጆች ቅርብ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ሲያነሳው ማየት ይቆጨኛል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አንድ የማምንበት ነገር ስላለ ነው። የሜዳና የአራዊት ፎቶ ከሁሉ በፊት መሬቱን ማንበብና መጠበቅን ይጠይቃል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ እንስሳው መቼ እንደሚጠጣ፣ ወፉ ለምን ከሚያርስ ነገር ኋላ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ከውድ ሌንስ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በየቤታችን አለ፤ በጎንደርና በትግራይ ገጠር ከብት ሲጠብቁና ሲያርሱ ያደጉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ካሜራ ላይ ልጅ ይበረታል፣ መሬት ላይ አያት ይበረታሉ፤ አብረው ቢወጡ ጥሩ ፎቶ ይገኛል።

መጀመሪያ ሰው ያዙ

አያታችሁን ወይም በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችሁን ጋብዙ። «ፎቶ ላነሳዎት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ብዙ አዛውንት በዚያ ይሸሻሉ። «ሜዳ ልውሰድዎት፣ እንስሳ ያሳዩኝ» በሏቸው። ተጣጣፊ ወንበር፣ ውሃ፣ ኮፍያና ለጠዋቱ ብርድ ጋቢ ያዙ። ሩቅ አታስኬዷቸው፤ ብዙው ነገር ከመኪና መንገድ ዳር ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ጠይቁ። ይህ ዱካ የምንድን ነው? ይህ ፋንድያ የዛሬ ነው የትናንት? ከብት ቀና ብሎ ጆሮውን ሲያቆም ምን ሰምቶ ነው? ሚዳቋም ሊሮጥ ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ይደርቃል፤ ይህን እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ከእናንተ ቀድሞ ያየዋል። እሳቸው «ቁም» ሲሉ ቁሙ።

የቀን ምርጫው የእሳቸው ነው። ሰንበት በሚከበርበት ቤት ቅዳሜ ካሜራ አይነሳም፣ ዓርብ ማታም ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት መገኘት ያስፈልጋል። በሰንበት ቀን ሽማግሌ ፊት ካሜራ ደቅኖ መቆም ነውር ነው። ለማታ ብርሃን ሐሙስ፣ ለጠዋት ብርሃን ዓርብ ይመቻሉ።

ወቅቱን እወቁ

ዝናቡ በአብዛኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ይወርዳል (ወራቱንና ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ)። አየሩ ከሁሉ የሚጠራው ዝናብ ባባራ ማግስት ነው። አቧራው ታጥቧል፣ ደመናው ገና አልተበተነም፣ የማሳው አረንጓዴም ይደምቃል። በክረምት አንድ ቀን ብቻ መውጣት ከቻላችሁ ያንን ቀን ምረጡ።

ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ በሰሜናዊ ነጌቭ ካላኒት ይፈነዳል። አደይ አበባ የኛን ዐዲስ ዓመት እንደሚያበስር ይህ ቀይ አበባም እዚህ የበልጉን መምጣት ያበስራል፤ በ2013 በተደረገ ምርጫ የእስራኤል ብሔራዊ አበባ ተብሏል። የፑራ ጥብቅ ሥፍራና የሩሃማ አካባቢ ለአሽቀሎን ሰው ቅርብ ናቸው። ወደ ጋዛ ድንበር የተጠጉት የቤኤሪና የሾኬዳ ደኖችም በዚሁ አበባ የታወቁ ናቸው፤ ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ ግን በዚያ በኩል ያለው መግቢያ በጸጥታው ሁኔታ ይወሰናል፣ ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። አበባው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አይቆረጥም። ለፎቶ ብሎ መሐሉ ላይ መተኛትም እንደ መቁረጥ ይቆጠር፤ የተረገጠ አበባ ዘር አያፈራም። ከመንገዱ ሳትወጡ ተንበርከኩ፣ ሌንሱን ወደ አበባው ቁመት አውርዱ፣ ከብዙው አንዱን ምረጡና ትኩረታችሁን እሱ ላይ አድርጉ። የቀረው ቀይ ብዥታ ሆኖ ከኋላ ይቆማል።

በሚያዝያ ስንዴው ይገረጣል፣ በግንቦት ይታጨዳል። በዚሁ ጊዜ ከበረሃ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ፣ እዚህ ሻራቭ የሚሉት፣ ሰማዩን ቢጫ ያደርገዋል። ብዙ ሰው በዚያ ቀን ካሜራውን ይከታል። እኔ ግን ፀሐይዋ ደብዝዛ ስለምትታይ አንድ ዛፍ ወይም አንድ ሰው ከፊቷ አቁሞ ጥላውን ብቻ ለማንሳት ከዚያ የተሻለ ቀን አላውቅም። በበጋው መጨረሻ፣ ከነሐሴ ጀምሮ፣ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ነጭ የባሕር ዳር ሊሊ ይወጣል። አበባው ወደ ማታ ስለሚከፈት ለፎቶ የሚመቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ሰዓቱን ቁረጡ

በሰኔ አሽቀሎን ላይ ፀሐይ በ5፡35 ገደማ ትወጣለች፣ በ19፡50 ገደማ ትጠልቃለች። በታኅሣሥ ወጥታ የምትታየው በ6፡35፣ የምትጠልቀው በ16፡40 ገደማ ነው። ሰዓቱን በእስራኤል አቆጣጠር ያስቀመጥኩት ስልካችሁ ላይ እንድታስተያዩት ነው። ከእነዚህ ሰዓቶች ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ በቦታው ተገኙ፤ ከጠለቀች በኋላም ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ባሕሩ በምዕራብ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው። ጠዋት ግን ከየብሱ ወጥታ ማሳውን በጎን ትመታዋለች፤ ለሜዳና ለእንስሳ ጠዋቱ ይበልጣል። እኩለ ቀን ላይ ካሜራውን ይዛችሁ ጥላ ያለበት አሮጌ ቤት ውስጥ ግቡ፣ ወይም እንጀራችሁን ብሉ።

ስለ ዕቃ፣ ባጭሩ

ስልክ ያለው ሰው ይጀምር። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ የመስመር መረቡን ከማስተካከያው አብሩ፤ አድማሱ እንዳይዘም ይረዳችኋል። የምታነሱትን ነገር ስክሪኑ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል፣ ከዚያ ወደ ታች ስትጎትቱት ይጨልማል፣ ወደ ላይ ይደምቃል። በጣት እየሳቡ ማቅረብ ግን ምስሉን ያበላሻል፤ ሌንሱ ከሚፈቅደው በላይ አትሳቡ፣ በእግር ቅረቡ።

ካሜራ ካላችሁ አብሮት የመጣው ትንሹ ሌንስ ለሜዳና ለቤት ይበቃል። ለእንስሳ ቢያንስ እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ያስፈልጋል፣ 400 ቢሆን ይመረጣል፤ ያገለገለ መግዛት ምንም አይጎዳም። ሩዝ የሞላ ትንሽ ከረጢት ስፉና የመኪናው መስኮት ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን አስደግፉበት፤ ከመኪና ውስጥ ለሚያነሳ ሰው ከትራይፖድ ይሻላል። አሸዋ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ከባሕር ስትመለሱ ካሜራውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨውና አሸዋ የካሜራ ጠላቶች ናቸው።

ሜዳውና አሸዋው

የኒጻኒም አሸዋ በአሽዶድና በአሽቀሎን መሐል ያለ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ስፋቱ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በባሕሩ ዳር ከቀሩት ሰፋፊ የአሸዋ ክምሮች አንዱ ነው። የሾላ ዛፎች በመሐሉ ቆመዋል፤ ያንን ዛፍ የሚያውቁ አዛውንት ሲያዩት ፊታቸው የሚበራውን ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

አሸዋ ላይ የመጀመሪያው ሕግ አረማመድ ነው። ሌሊት ነፋሱ መሬቱን ያለሰልሰዋል፣ ጠዋት ምንም ዱካ የለውም። ማንሳት የምትፈልጉትን ወገን ከሩቅ ለዩና በዳር ዙሩት፤ አንዴ ከረገጣችሁት ጠፋ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሳለ ከጎን ስትመታ በአሸዋው ላይ ያሉት ትንንሽ ሽንትሮች ጥላ ይይዛሉ፤ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ብትመጡ ሁሉም ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ካሜራው ነጭ አሸዋ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን በሁለት ሦስተኛ ወይም በአንድ እርከን ከፍ አድርጉ። አይኤስኦው 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም 11 ይሁን፤ ቅርቡም ሩቁም ይጠራል።

የስንዴ ማሳ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ፎቶ አይሆንም። ጀማሪ ሰው ሜዳውን ሁሉ ካሜራው ውስጥ ለማስገባት ይታገላል፤ ውጤቱ ግማሽ ሰማይ፣ ግማሽ ሣር ይሆናል። አንድ ነገር ፈልጉ። ትልም ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ ትራክተር፣ የመስኖ ቧንቧ፣ አጥር። እሱን ከፊት አስቀምጡና ሜዳው ከኋላው ይዘርጋ። ሰማዩ ደመና ካለው ሁለት ሦስተኛውን ስጡት፣ ባዶ ከሆነ ጥቂት ብቻ። ረጅሙን ሌንስ ብትሞክሩ ደግሞ ሩቅ ያሉት ትልሞች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ የሰሜን ነጌቭ ኮረብታ በዚህ መንገድ ሲነሳ በጣም ያምራል።

ከብዙ ቦታ የሩተንበርግ ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ብዙ ሰው እነሱን ከፎቶው ለማውጣት ይደክማል። በእኔ አስተያየት አስገቧቸው፤ አሽቀሎን ያለ እነሱ አሽቀሎን አይደለችም፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፎቶውን የሚያይ ሰውም ዘመኑን የሚያውቀው በእነሱ ነው።

ማሳ የሰው ንብረት ነው። የኪቡጽ ወይም የሞሻቭ እርሻ ከሆነ በመንገዱ ዳር ሁኑ፣ የተዘራ አትርገጡ፣ ገበሬውን ካገኛችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ አስፈቅዱ። ከእናንተ ጋር ያሉት አባት ስለ እህሉ አንድ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁት በሩ ይከፈታል፤ ገበሬና ገበሬ ቋንቋ አይለያቸውም።

አራዊትና አእዋፍ

በሽመላ እንጀምር። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ልጆች እየተጣሩ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቋት እንደነበር ያደጉበት ሁሉ ይመሰክራሉ። ያቺ ወፍ በእርግጥም በዚህ አገር ታልፋለች። ነጭ ሽመላ አውሮፓ ይፈለፈላል፣ ክረምቱን አፍሪካ ያሳልፋል፤ በምሥራቁ መንገድ የሚሄደው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መንጋ በእስራኤል ሰማይ ይመላለሳል። ወደ ሰሜን ሲመለስ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ወደ አፍሪካ ሲወርድ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ይታያል።

ለምን በዚህ በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ለፎቶው ይጠቅማል። ሽመላ ከባድ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ ያደክመዋል። ስለዚህ ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ላይ ክንፉን ዘርግቶ እየተሽከረከረ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይንሳፈፋል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር የለም፤ ለዚህ ነው የሜዲትራኒያንን ባሕር በየብስ የሚዞረው። መሬቱም ጠዋት ገና አልሞቀም። ማሳ ላይ ያደረ መንጋ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ እዚያው ይለቅማል፣ ክንፉን ያደርቃል፣ ይቆማል። የእናንተ ጊዜ ያ ነው። ንጋት ላይ ድረሱ፤ ረፋዱ ላይ መንጋው ይነሳል።

አመሻሽ ላይ ወደ ማሳ ሲወርድ ካያችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉና በማግስቱ ከንጋት በፊት ተመለሱ። መኪናውን ቀስ ብላችሁ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ አትውረዱ። ወፎች መኪና ብዙም አይፈሩም፤ ከመኪና የሚወርድ ሰው ግን ያስደነግጣቸዋል። ፀሐይዋን ከኋላችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ። ለቆመ ወፍ ሹተር ስፒዱ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ሲነሳ 1/1600 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት፣ አይኤስኦውን ለካሜራው ተዉለት፣ ተከታታይ ትኩረትና ተከታታይ ተኩስ አብሩ። ወፉን ገና ሩቅ ሳለ በሌንሱ ያዙት፣ አብራችሁት ዙሩ፣ ሲቀርብ ተኩሱ። ነጭ ላባው እንዳይቃጠል ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ።

ስልክ ብቻ የያዘ ሰው የሚበርን ወፍ ለብቻው ለማንሳት አይድከም፤ ነጥብ ብቻ ያገኛል። ይልቁንም መንጋው እየተሽከረከረ ሲወጣ ሰማዩን በሰፊው ያንሳ፤ ከታች፣ በጥጉ፣ ቀና ብለው የሚያዩትን አያት ያስገባ። ለእኛ ማኅበረሰብ ከዚህ የሚበልጥ የሽመላ ፎቶ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ሚዳቋ በኒጻኒምና በፑራ አለ። የዚህ አገር ተራራማ ሚዳቋ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተመድቧል፤ ማሳደድ አይገባም። ነፋሱ ከእሱ ወደ እናንተ ይንፈስ፤ በተቃራኒው ከሆነ ጠረናችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። ቀጥታ ወደ እሱ አትሂዱ፣ በሰያፍ ሂዱ፣ ዓይኑን አትዩ፣ ሲያያችሁ ቁሙ፣ ሲግጥ ተንቀሳቀሱ። ጅራቱን ማወዛወዝና እግሩን መምታት ከጀመረ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ በሉ። ግልገል ብቻውን ሣር ውስጥ ተኝቶ ብታገኙ አትንኩት፤ እናቱ ሸሽጋው ለግጦሽ ሄዳ ነው። የተጎዳ እንስሳ ካያችሁ የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን በ*3639 ይደወልለታል።

የቀሩትን ባጭሩ ልበል። ቀበሮ አመሻሽ ላይ ከጥሻ ይወጣል፤ ጩኸቱን ስትሰሙ ካሜራው ዝግጁ ይሁን፣ ብርሃኑ ሊያልቅ ጥቂት ነው የሚቀረው። ትራክተር በሚያርስበት ማሳ ነጫጭ ሳቢሳዎች ከኋላው ይከተላሉ፤ አባቶቻችን በሬ ጠምደው ሲያርሱ ያዩት ያው ነው፣ የተገለበጠው አፈር ትሉን ያወጣላቸዋል። ጅንጅላቴ ወፍ፣ በዕብራይስጥ ዱኪፋት የምትባለው፣ በ2008 የእስራኤል ብሔራዊ ወፍ ሆና ተመርጣለች። አጭር ሣር ላይ በምንቃሯ ስትቆፍር ትገኛለች፤ በሆዳችሁ ተኝታችሁ በእሷ ቁመት አንሷት። በኢትዮጵያ ሐይቆች ዳርም የምትገኘው ክንፈ እሾኻማ ጩኸተኛ ወፍ እዚህም ሞልታለች። እንቁላሏን ባዶ መሬት ላይ ስለምትጥል ራሳችሁ ላይ እየዞረች ከጮኸች እግራችሁን ተመልከቱና በመጣችሁበት ተመለሱ።

ለፎቶ ሲባል ምግብ አትጣሉ፣ የተቀዳ የወፍ ድምፅ አታሰሙ፣ ጎጆ አትግለጡ። ወፍን ከጎጆዋ ያስነሳ ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይታተም።

አሮጌ ቤቶችና ግንቦች

አሮጌ ቤት ከማንሳታችሁ በፊት ካሜራውን ሳታወጡ አንዴ ዙሩት። የትኛው ግድግዳ በየትኛው ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ አስቡ። ድንጋይና ጭቃ ውበታቸው የሚወጣው ብርሃን በጎን ሲመታቸው ነው። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ ከሩቅ ከነሜዳው፣ ከመካከል ቤቱን ሙሉ፣ ከቅርብ ደግሞ በሩን፣ ማጠፊያውን፣ የልስኑን ስንጥቅ። የሩቁ የት እንዳለ ይናገራል፣ የቅርቡ ማን እንደሠራው። ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ካነሳችሁ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ራቅ ብላችሁ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የከነዓናውያን በር ከጭቃ ጡብ የተሠራ ቅስት ነው፤ ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ1850 ገደማ ተሠርቷል፣ በዓለም ከሚታወቁት ጥንታውያን የቅስት በሮች አንዱ ነው። ወደ ሰሜን ስለሚመለከት ቀጥተኛ ፀሐይ ብዙ አያገኝም። ይህ ለፎቶ ይጠቅማል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ የጡቡ መልክ አይቃጠልም። በጭቃ ቤት ያደጉ ሰው በሩ አጠገብ ቁመው ጡቡን ሲመለከቱ አንሷቸው።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ውረዱ። በመካከለኛው ዘመን የተሠራው የባሕር ግንብ ውስጥ የጥንት የድንጋይ ዓምዶች በአግድም ተሰክተው ጫፋቸው ወጥቶ ይታያል፤ ግንበኞቹ ግድግዳውን ያጠነከሩበት ዘዴ ነው። ይህ ወገን ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ከሰዓት በኋላ ኑ። ግን አትጠጉት። የባሕሩ ዳር ገደል ልል የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ይናዳል፤ ከሥሩ አትቀመጡ፣ ከአናቱ ጫፍ ላይም አትቁሙ።

በከተማው ውስጥ፣ ሚግዳል በሚባለው ሰፈር፣ የመጅደል ታላቅ መስጊድ አለ። በ1300 ሰላር በተባለ የማምሉክ አሚር የተሠራ ነው፤ ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው። መጅደል የሸማኔዎች ከተማ ነበረች። አረብ ነዋሪዎቿ በ1948ቱ ጦርነትና ከዚያ በኋላ እስከ 1950 ባለው ጊዜ ወጥተዋል፣ አብዛኞቹ ወደ ጋዛ። በሰሜን በኩል በባሕሩ አናት የሼክ አዋድ መካነ መቃብር አለ፤ ጀንበር ስትገባ ጉልላቱ ከሰማዩ ጋር ጎልቶ ይታያል፣ የጸሎት ቦታ መሆኑን ሳትረሱ ዝም ብላችሁ አንሱ። ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ስታነሱ የኖረበት ሰው እንዳለ አስቡ፤ ግድግዳ ላይ አትቀመጡ፣ ድንጋይ አትውሰዱ፣ ለሳቅ የሚሆን ፎቶ አታንሱ። የወለቃንና የአምቦበርን ቤቶች ትተው የመጡ ወላጆች ያሏቸው ልጆች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም።

ከከተማው ውጭ ሦስት ቦታ እጠቁማለሁ። በነግባ ኪቡጽ አቅራቢያ ያለው የኢራቅ ሱወይዳን የፖሊስ ምሽግ በእንግሊዞች ዘመን የተሠራ ኮንክሪት ነው፤ ኅዳር 9 ቀን 1948 ተያዘ፣ ዛሬ የጊቫቲ ሙዚየም ነው። የጥይቱ ቀዳዳ ሁሉ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ብርሃኑ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥላ ይይዛል። በያድ መርዶክዮስ የተደበደበው የውሃ ማማ አለ፤ ከፊቱ የዋርሶ ጌቶ አመፅ መሪ የመርዶክዮስ አኒየሌቪች ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱንና ማማውን በአንድ ፎቶ ለማስገባት ዝቅ በሉ። ሦስተኛው በ1943 የተመሠረተው የቀድሞው ኒጻኒም ኪቡጽ ሥፍራ ነው፤ በ1948 ጦርነት የተፈተነው አሮጌው ትልቅ ቤት አሁንም በዛፎች መሐል ቆሟል።

ጣሪያው የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ አትግቡ። ደህና ቤት ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ፍላሽ አታብሩ፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቤቱ የኖረበት ብርሃን ነው። ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አስደግፉና ሹተሩ ይቆይ።

ወደ ጎንደር ለጉብኝት የምትሄዱ የሩቁን፣ የመካከሉንና የቅርቡን ሦስት ፎቶ እዚያም አትርሱ። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው፣ ጎጆው እንዳለ የሚነሳበት ጊዜ አጭር ነው። ዛሬ የሚኖሩበትን ሰዎች ግን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ።

ሰውን በሜዳ ላይ

ጥቁር ፊት፣ ነጭ ነጠላና የሚያበራ አሸዋ በአንድ ፎቶ ሲገናኙ ካሜራው ይሳሳታል። አሸዋውን አይቶ ያጨልማል፣ ፊቱ ይጠፋል። ፎቶግራፍ ለረጅም ዘመን የኛን ቆዳ አስቦ አልተሠራም፤ ኮዳክ ለላቦራቶሪዎች ያሰራጭ የነበረው የቀለም መለኪያ ካርድ ለዓመታት የነጭ ሴት ምስል ብቻ ነበረው። ስለዚህ እናንተ አስተካክሉት። ትኩረቱንና ብርሃኑን ፊቱ ላይ ቆልፉ፤ ነጠላው ከነጣ ግን ሰውየውን ወደ ጥላ ውሰዱና በሰማዩ ብርሃን አንሱ፣ ሁለቱም ይተርፋሉ። ፀሐይን ከፊት አትደቅኑባቸው፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከጎን ወይም ከኋላ ትሁን፣ የፀጉራቸውንና የነጠላቸውን ጠርዝ ታበራዋለች።

«ሳቁ» አትበሉ። የሚያውቁትን ነገር ያሳዩአችሁ፣ እጃቸው ሲጠቁም አንሱ።

ደህንነት

አሽቀሎን ውስጥ ሳይረን ከጮኸ መጠለያ ለመድረስ ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። በየሄዳችሁበት መጀመሪያ በቅርብ ያለውን መጠለያ እዩ፤ ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ከእሱ አትራቁ። ሜዳ ላይ ምንም ከሌለ መሬት ላይ ተኝታችሁ ራሳችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፤ ካሜራው ይወድቅ። የወታደራዊ ክልል ምልክት ካያችሁ ተመለሱ፣ ወታደርና ተቋሙን አታንሱ፣ መሬት ላይ የወደቀ ብረት አትንኩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም። በሞቃት ወራት እባብ አለ፤ ጫማችሁ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ይሁን።

ቤት ስትመለሱ

ፎቶው ስልክ ውስጥ ከቀረ ይጠፋል። በዚያው ምሽት ጥሩዎቹን ለዩ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የሰዎቹን ስም ጻፉ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። አዛውንቱ ስለ እንስሳውና ስለ መሬቱ የነገሯችሁን በድምፅ ቅዱትና ከፎቶው ጋር አኑሩት፤ በኢትዮጵያ ያንን ወፍ ምን ይሉት እንደነበር፣ ሲታይ ምን ይዘራ እንደነበር። ከምታነሱት ሁሉ ዋጋው የሚጨምረው ይህ ነው፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ከዚያ አንዱን ፎቶ በወረቀት አሳትሙና ወስዳችሁ ስጧቸው።

የሽመላው መንጋ በመጋቢት ይመጣል፣ በሚያዝያ ያልፋል። ለአያታችሁ ዛሬ ደውሉና ለአንድ ዓርብ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ።